ፕሪጆኔሮ የሚይዘው ስለሚለጠጥ ነው



ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ባጃጅ ያላችሁ፣ ሞተር ሳይክል ያላችሁ፣ የመስኖ ፓምፕ ያላችሁ፣ ወይም ከእነዚህ በአንዱ እንጀራ የሚበላ ወንድም ያላችሁ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ነገሩ የብር ጉዳይ ነው።

በዚህ ዓመት ብቻ አራት የቀድሞ ተማሪዎቼ በተለያየ ጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቀውኛል። "ቲቸር፣ የቴስታታውን ፕሪጆኔሮ በጠንካራ ላስቀይር ነው። ባለ 10 ሚሊው ይሻላል ወይስ ያው 8 ሚሊ ሆኖ ጠንካራው?" ለአንዱ በስልክ፣ ለአንዱ መንገድ ዳር፣ ለአንዱ በሜሴንጀር እየመለስኩ ከምኖር አንዴ እዚህ ልጻፈውና ይቀመጥ ብዬ ነው።

አጭሩ መልስ፦ በአብዛኛው ሁለቱም አያስፈልግህም። ረጅሙ መልስ ከታች ነው።

መጀመሪያ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የባጃጅ ሞተር በግርድፉ ሦስት ፎቅ ነው በሉት። (ባጃጅ የአንድ የህንድ ኩባንያ ስም ነው፤ እኛ ግን የማንም ሥራ ትሁን ባለሦስት እግሯን ሁሉ ባጃጅ ብለን ጨርሰናል። እኔም እንደዚያው ነው የምላት።) ከታች ዘንጉንና ማርሹን የያዘው የሞተሩ አካል አለ። መሃል ላይ ፒስተኑ የሚመላለስበት ሲሊንደር አለ። ከላይ ቫልቮቹና ካንዴላው ያሉበት ክዳን አለ፤ እሱ ቴስታታ ነው። በሲሊንደሩና በቴስታታው መሃል እሳቱ እንዳያመልጥ የምትዘጋ ስስ ነገር አለች፤ ጓርኒሲዮን። ሦስቱን ፎቅ አንድ ላይ ጠፍረው የያዙት አራት ረጃጅም የብረት ዘንጎች ናቸው። የታችኛው ጫፋቸው አሉሚኒየሙ ውስጥ ተጠምዝዞ ገብቶ እዚያው ይቀራል። የላይኛው ጫፋቸው ላይ ዳዶ ይጠብቃል። ፕሪጆኔሮ የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

ቃሉ የጣሊያን ነው። የጋራዥ አማርኛ ግማሹ ጣሊያንኛ መሆኑን ታውቃላችሁ፦ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይቶ ሄደ፤ ቃሉ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀረ። ፕሪጆኔሮ በጣሊያንኛ "እስረኛ" ማለት ነው። ተራ ብሎን ይገባል ይወጣል። ይሄኛው አንዴ ከገባ እዚያው ታስሮ ይኖራል፤ የሚፈታው ዳዶው ብቻ ነው።

መታሰሩም በምክንያት ነው። አሉሚኒየም ለስላሳ ነው። ቴስታታ በተከፈተ ቁጥር ብረት ብሎን አሉሚኒየሙ ውስጥ ቢገባና ቢወጣ ኖሮ ጥርሱን ቶሎ ይጨርሰው ነበር። ፕሪጆኔሮው ተቀምጦ ዳዶው ብቻ ሲፈታ ግን የሚፋተገው ብረት ከብረት ጋር ነው። ይህን ያዙልኝ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ የአሉሚኒየሙ ጥርስ ነው።

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ። ስሙን አልጠራም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው። ያን ዓመት ትረሱታላችሁ ብዬ አላስብም፤ በሀገር ደረጃ ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እሱ ከቀሩት 96.7 ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ቀን ሥራ ሠራ፣ ዕቁብ ጣለ፣ አባቱ ከጥንድ በሬያቸው አንዱን ሸጡለት፣ የጎደለውን ከአጎቱ ተበደረና ያገለገለች ባጃጅ ገዛ። አባቱ አሁን የሚያርሱት ከጎረቤት ጋር ተቀናጅተው ነው። ስለዚህ ያቺ ባጃጅ ስትቆም የሚቆመው የአንድ ልጅ ሥራ ብቻ አይደለም። የዕቁቡ ቀን አለ፣ የአጎት ብድር አለ፣ ያልተተካ በሬ አለ፣ ትምህርት ቤት ያለች ታናሽ እህት አለች።

ባለፈው ጥቅምት ሞተሩ መትፋት ጀመረ። ቴስታታው ሥር ጥቁር ዘይት ይታያል፣ ሲነሳ ጭ ጭ ጭ ይላል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። አንድ ጋራዥ ወሰዳት። ጓርኒሲዮን ተቀየረ፤ ዳዶዎቹም "እንዳይደገምህ" ተብለው ቁልፉ ላይ ቧንቧ ተቀጥሎ ጠበቁ። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ተፋች። ደግሞ ጠበቀች። በሦስተኛው ዙር ግን አንደኛው ዳዶ መጥበቁን ትቶ ዝም ብሎ ይዞር ጀመር። ፕሪጆኔሮው የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይዞ ወጥቶ ነበር።

ምክሩ ሁለት ሆነ። ወይ አራቱንም ቀዳዳ አስፍቶ ባለ 10 ሚሊ "የማይበገር" ፕሪጆኔሮ መትከል፣ ወይ የሞተሩን አካል ሙሉውን መቀየር። ሦስተኛውን ምክር የሰጠው ደላላ ነው፦ "እንዳለች ሽጣት፣ እኔ ገዢ አለኝ።"

ልጁ ደግሞ ቲክቶክ ላይ አይቷል። ፈረንጆቹ አሸዋ ላይ የሚጋልቡባት ባለአራት እግር ሞተር አለች፤ የእሷን ፕሪጆኔሮ እየነቀሉ በጠንካራ ሲተኩ የሚያሳይ ቪዲዮ ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ በሰው አስጠየቀ። የተነገረው ዋጋ የአንድ ወር ገቢው ነው። "ቲቸር፣ ልበደርና ላምጣው?" አለኝ።

እኔ በዲፕሎማ የተመረቅሁ የፊዚክስ መምህር ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ግን ይሄ ጥያቄ ሒሳብ አለው። ደብተር አወጣንና ቁጭ አልን። እናንተም አብራችሁ ሥሩት።

አንደኛ፤ እሳቱ ቴስታታውን በስንት ኃይል ነው ወደ ላይ የሚገፋው? የፒስተኑ ዲያሜትር 6 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ስፋቱ 28 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ቤንዚኑ ሲቀጣጠል ግፊቱ 50 ባር ይደርሳል ብንል፣ 1 ባር በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ያህል ስለሆነ፣ 28 በ50 ሲባዛ 1400 ኪሎ ነው። ለአራት ሲካፈል ለአንድ ፕሪጆኔሮ 350 ኪሎ።

ሁለተኛ፤ አንድ ተራ ባለ 8 ሚሊ ፕሪጆኔሮ ስንት ይችላል? ብሎን አናት ላይ 8.8፣ 10.9፣ 12.9 የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጌጥ አይደለም። 8.8 ሲል የፊተኛው 8 ብረቱ የሚበጠሰው በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር 800 ኒውተን ሲጎተት ነው ማለት ነው። የኋለኛው 8 ደግሞ በዚያው 80 በመቶ ላይ፣ ማለትም 640 ላይ ሲደርስ ተለጥጦ ወደ ቦታው መመለስ ያቆማል ማለት ነው። የ8 ሚሊ ፕሪጆኔሮ ጥርሱ ያለበት ቦታ ላይ 36.6 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ስናባዛው 2.3 ቶን ያህል ይመጣል። የሚመጣበት 350 ኪሎ፣ የሚችለው 2300 ኪሎ!

ፈረንጆቹ ለምን ይቀይራሉ ታዲያ? እነሱ ሞተሩን ስለሚለውጡት ነው። ሲሊንደሩን ያሰፋሉ፣ መጭመቂያውን ይጨምራሉ፣ አንዳንዱም ቱርቦ ይገጥማል። ያኔ ግፊቱ ከፋብሪካው ሒሳብ በላይ ይሄዳል፤ ጠንካራ ፕሪጆኔሮ ያስፈልጋቸዋል፤ እውነታቸውን ነው። እኛ ጋ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2446 ሜትር ላይ ናት፤ እኛም መርጡለ ማርያም ደጋ ላይ ነን። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር ያንሳል፣ የሚቃጠለውም ያንሳል፣ ግፊቱም ያንሳል። የኛ ባጃጅ ፕሪጆኔሮውን የምትነቅል በጉልበቷ ብዛት አይደለም።

ታዲያ ምን ነቀለው? ሁለት ነገር፦ ሙቀትና ቧንቧ።

ሙቀቱን እንየው። 100 ሚሊ ሜትር የሚረዝም አሉሚኒየም በ100 ዲግሪ ቢሞቅ 0.23 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ያንኑ የሚያህል ብረት 0.12 ብቻ ነው የሚረዝመው። ልዩነቱ 0.11 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንድ የደብተር ወረቀት ውፍረት ያህል። ትንሽ ትመስላለች። ግን ሞተሩ ሲሞቅ አሉሚኒየሙ ወደ ላይ ያብጣል፣ ብረቱ እንደሱ አይረዝምም፣ ስለዚህ ማንም ሳይነካው ዳዶው ራሱ ይጠብቃል። (ሲሊንደሩ ውስጥ የብረት እጅጌ ካለ ልዩነቱ ያንሳል፤ መንገዱ ግን ያው ነው።) ሁለት ኩንታል ጤፍና አራት ሰው ጭኖ በአንደኛ ማርሽ ረጅም ዳገት የሚወጣ፣ የሲሊንደሩ ክንፎች በጭቃና በጭድ የተደፈኑበት ሞተር ደግሞ ምን ያህል እንደሚሞቅ እናንተው ታውቃላችሁ። ሲቀዘቅዝ ጥግ ድረስ የጠበቀ ፕሪጆኔሮ ሲሞቅ የሚሄድበት የለውም። የሚሸነፈው ደካማው ነው፤ ደካማው ደግሞ ብረቱ አይደለም፣ የአሉሚኒየሙ ጥርስ ነው።

አሁን ዋናው ቦታ ላይ ደረስን። ፕሪጆኔሮ በምኑ ነው የሚይዘው? ብዙ ሰው በጥንካሬው ይመስለዋል። በመለጠጡ ነው። ብረት ስፕሪንግ ነው። በጎተትነው ልክ ይለጠጣል፤ ሲለቁት ይመለሳል። ይህን ሮበርት ሁክ የሚባል እንግሊዛዊ በ1678 እ.ኤ.አ. አሳትሞ አወጣው፤ እኛ ጋ ጎንደር ላይ አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በነገሡበት ዘመን ማለት ነው። ዳዶውን ስናጠብቅ የምንሠራው ሥራ ፕሪጆኔሮውን መለጠጥ ነው። ወደ ቦታው ልመለስ እያለ ስለሚስብ ነው ቴስታታው ወደ ታች ተጨምቆ የሚቀመጠው።

አባቶቻችን ይህን ያለ ሁክም ያውቁታል። አህያ ላይ እህል የሚጭን ሰው በሽቦ ሲያስር አይታችሁ ታውቃላችሁ? በጠፍር ነው የሚያስረው። ለምን? ጭነቱ መንገድ ላይ እየተንቀጠቀጠ ይሰክናል፣ ዝቅ ይላል። ሽቦ ቢሆን ጭነቱ ትንሽ ዝቅ ባለ ጊዜ ላልቶ ይቀራል። ጠፍር ግን ተለጥጦ ስለታሰረ ጭነቱን ተከትሎ ይሰበሰባል፤ አይላላም።

ጓርኒሲዮንም እንደ ጭነቱ ነው፤ ጥቂት ቀን ሲሠራ ይሰክናል። በቁጥር እንየው። ፕሪጆኔሮው 120 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ በአንድ ተኩል ቶን ያህል ጎትተን አጠበቅነው እንበል። ባለ 8 ሚሊው 0.24 ሚሊ ሜትር ያህል ይለጠጣል። ባለ 10 ሚሊው ወፍራም ስለሆነ በዚያው ኃይል የሚለጠጠው 0.15 ብቻ ነው። አሁን ጓርኒሲዮኑ በ0.1 ሚሊ ሜትር ሰከነ። ባለ 8 ሚሊው ከጉልበቱ 4 እጅ ከ10 ያህሉን ያጣል። ባለ 10 ሚሊው ግን ከ10 ከ6 እጅ በላይ! "የማይበገር" የተባለው ወፍራሙ ቀድሞ ላላ ማለት ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ደግሞ፣ አልለጠጥም ስለሚል፣ አሉሚኒየሙን ከቀጭኑ የበለጠ ይጎትተዋል። ቀዳዳው ሲሰፋም በዙሪያው የሚቀረው አሉሚኒየም ስስ ይሆናል። ይህን ስለሚያውቁ ነው አንዳንድ ሞተር ሠሪዎች የፕሪጆኔሮውን ወገብ ሆን ብለው ከጫፉ አቅጥነው የሚሠሩት፤ ይበልጥ እንዲለጠጥ።

"እሺ፣ ያው 8 ሚሊ ሆኖ 12.9ስ?" አለኝ ልጁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። 12.9 ከመበጠሱ በፊት ብዙ ይችላል። ግን በአንድ ዓይነት ኃይል ስትጎትተው የሚለጠጠው ከ8.8ቱ ጋር እኩል ነው፤ የብረቶች ስፕሪንግነት በጥንካሬ ብዙ አይለያይም። ስለዚህ 12.9 የሚጠቅምህ ከበፊቱ አብልጠህ ካጠበቅኸው ብቻ ነው። አብልጠህ ስታጠብቅ ደግሞ ማን ይሸከመዋል? ያው አሉሚኒየሙ። በሰበሰ ግድግዳ ላይ የብረት በር እንደ መግጠም ነው።

ስለ ቧንቧው ልንገራችሁ። ባለ 8 ሚሊውን በአንድ ተኩል ቶን ለመለጠጥ የሚበቃው ማዞሪያ ኃይል ከ23 እስከ 25 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። (ይሄ የምሳሌ ሒሳብ ነው፤ የራሳችሁን ሞተር ቁጥር ከመመሪያው እዩ።) 20 ሳንቲ ሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ 12 ኪሎ ማንጠልጠል ማለት ነው። በቃ! አሁን 60 ሳንቲ ሜትር ቧንቧ ቀጥላችሁ በ40 ኪሎ ጉልበት ተጫኑት፤ 240 ኒውተን ሜትር ይሆናል፤ አሥር እጥፍ። ያን የሚችል የ8 ሚሊ ፕሪጆኔሮ የለም፤ እዚያ ሳይደርስ ወይ እሱ ይበጠሳል ወይ ጥርሱ ይነቀላል።

ልጁን ይዤ ወደ ሌላ መካኒክ ሄድን። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። እሳቸውም ቧንቧ ይጠቀማሉ።

"መምህር፣ የኔ ቶርክ እጄ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያጠበቅሁበት" አሉኝ።

"ጋሼ፣ እጅዎንማ አልጠረጠርሁም። የጠረጠርሁት ቧንቧውን ነው" አልኋቸው። ሳቁ።

ቀጥለው የነገሩኝ ግን አይረሳኝም። "ደንበኛው ነገ ዘይት ቢያይ እኔን ነው የሚሰድበኝ። አላልቼ ከምሰደብ አጥብቄ ባድር ይሻለኛል።" እውነት አላቸው። ማንም ሰው "ዳዶውን በልኩ ነው ያጠበቀልኝ" ብሎ መካኒክ አያመሰግንም። "ጥርቅም አድርጎ አጠበቀልኝ" ብሎ ነው የሚያመሰግነው። ቧንቧውን ያስያዝናቸው እኛው ደንበኞቹ ነን።

ከእህል ነጋዴ ተንጠልጣይ ሚዛን ተውሰን መጣን። የቁልፉ 20ኛ ሳንቲ ሜትር ላይ አሰርነውና ቁልፉን ሳናጋድል ቀጥ ባለ ማዕዘን ሳብነው፤ ሚዛኑ 12 ላይ ሲደርስ አቆምን። ጋሼ በእጃቸው ደገሙት። "ይቺ ናት እንዴ? ይቺማ የልጅ ጉልበት ናት" አሉ። ሦስት ጊዜ ደጋግመው እጃቸውን አለማመዱት።

እሳቸውም ለኔ አስተማሩኝ። የወጣውን አሮጌ ፕሪጆኔሮ ከአዲሱ ጎን አስተኙና ጥፍራቸውን በላዩ ላይ አስኬዱ። "ያዝ እስቲ፣ እዚህ ጋ አንገቱ ቀጥኗል፤ ተለጥጦ አልመለስ ያለ ነው፤ ይሄ ሞቷል" አሉኝ። ፊዚክስ መጽሐፍ ላይ ያለውን ነገር በጥፍር አገኙት። ከአራቱ ሁለቱ እንደዚያ ሆነው ተገኙ።

መፍትሔው እንዲህ ሆነ። ፕሪጆኔሮውን አላወፈርነውም፤ ያጠናከርነው ቀዳዳውን ነው። ለዚህ ሥራ ሄሊኮይል የሚባል የተጠቀለለ የብረት ሽቦ አለ፤ የሰፋው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ አዲስ ጥርስ ይሆናል። እኛ አላገኘንም። ደብረ ማርቆስ ቶርኖ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። የሞተሩን አካል ብቻ አስፈትተን በመኪና ላክንለት። አራት የብረት ቡሾች ቀረጸ፤ ውጫቸው ባለ 12 ሚሊ ጥርስ፣ ውስጣቸው ባለ 8 ሚሊ ጥርስ፣ ርዝመታቸው 16 ሚሊ። ርዝመቱ በዘፈቀደ አይደለም። ብረት አሉሚኒየም ውስጥ ሲገባ የሚነክሰው ርዝመት ከራሱ ውፍረት ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቢቻል ሁለት እጥፍ መሆን አለበት። ቀዳዳዎቹን በእጅ መሰርሰሪያ ሳይሆን በቋሚው መሰርሰሪያ ቀጥ አድርጎ አሰፋቸው፤ ካጋደለ ፕሪጆኔሮው ይጣመማልና። ቡሾቹን በማጣበቂያ አሰረ። አሁን አሉሚኒየሙን የሚነክሰው 12 ሚሊ ስፋት ያለው ጥርስ ነው፤ ጉልበቱ ለብዙ ቦታ ይካፈላል። የሚለጠጠው ግን ያው ቀጭኑ 8 ሚሊ ነው። ሁለቱንም ጥቅም አገኘን ማለት ነው።

ፕሪጆኔሮዎቹ ተራ 8.8 ናቸው፣ አራቱም አዲስ። መንገድ እንደ ልብ በማይገኝበት በዚህ ጊዜ ዕቃው ሄዶ እስኪመለስ ዘጠኝ ቀን ቆመች። ዋጋውን አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍሁት ነገ ይለወጣል። ግን የሞተሩን አካል ለመቀየር ከተጠየቀው ሩቡን አልሞላም። ከኅዳር ጀምሮ እየሠራች ነው፣ አልተፋችም። ዕቁቡንም አላስተጓጎለም። ለዘላለም ነው አልላችሁም፤ እንደገና ያ ቡሽ ቢነቀል ዙሪያው ላይ ብዙ አሉሚኒየም የለም። ለዚያ ነው አጠባበቁ ዋናው ነገር የሆነው።

ለሚያስፈልጋችሁ ሰዎች አጠባበቁን በዝርዝር ልተውላችሁ፤ ስክሪን ሾት አድርጉት፦

1. ቴስታታ የሚፈታውም የሚጠብቀውም ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ነው።
2. የፕሪጆኔሮው ቀዳዳ ውስጥ ዘይት፣ ውሃ፣ ቆሻሻ አይቅር። ታች የተጠራቀመ ዘይት መሄጃ ሲያጣ አካሉን ሊሰነጥቀው ይችላል።
3. ፕሪጆኔሮው አሉሚኒየሙ ውስጥ በእጅ ይገባል፣ ቁጭ ይላል፣ በቃ። እሱን ማጨናነቅ አያስፈልግም። ኃይሉ የሚመጣው ከዳዶው ነው።
4. መመሪያው "ደረቅ" ካላለ በቀር የላይኛው ጥርስና የሮንዴላው ፊት ላይ አንድ ጠብታ ዘይት። ስናጠብቅ ከምናወጣው ጉልበት ከ10 ዘጠኝ እጅ ያህሉን የሚበላው ፍትጊያ ነው፤ ፕሪጆኔሮውን የሚለጥጠው አንድ እጅ ብቻ ነው። ዝገት ካለ እጃችሁ "ጠበቀ" ይላችኋል፣ ፕሪጆኔሮው ግን ገና አልተለጠጠም።
5. በመስቀለኛ፣ በሦስት ዙር። መጀመሪያ ሲሶውን፣ ቀጥሎ ሁለት ሲሶውን፣ መጨረሻ ሙሉውን። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ቴስታታውን ያጣምመዋል።
6. ጓርኒሲዮን ሁልጊዜ አዲስ። ቴስታታው መጣመሙንም ቀጥ ያለ ብረት አስተኝታችሁ ብርሃን በሥሩ እንዳያልፍ እዩ። ተጣሞ ከሆነ የትኛውም ፕሪጆኔሮ አያድናችሁም።
7. ዘይት ሲያልብ ከማጥበቅ በፊት "ለምን አለበ?" በሉ። የሲሊንደሩን ክንፎች እጠቡ። ጭነቱን ቀንሱ።

አንድ ነገር ብዬ ልጨርስ።

ሒሳቡን ጋራዥ ውስጥ ስንሠራ ልጁ ጠመኔ አንስቶ ሲሚንቶው ላይ መስመር ሳለ። ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ የሆነ ቦታ ላይ ይጎብጣል፣ ከዚያ ይቆረጣል። "ቲቸር፣ ክፍል ውስጥ የሳሉልን መስመር ይሄ አይደል? እዚህ ድረስ ይመለሳል፣ ከዚህ በኋላ አይመለስም። የኔ ፕሪጆኔሮ እዚህ ጋ ነበር የደረሰው" ብሎ መጉበጫው ላይ ጣቱን አስቀመጠ። ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩና "አንገቱ የሚቀጥነው እዚህ ጋ ነው በለኛ" አሉት። ልጁ መስመሩን ትንሽ ገፋ አድርጎ "እዚህ ጋ፣ ከመቆረጡ በፊት" አላቸው። ልክ ነበር።

ይህ ልጅ ፊዚክስ አይገባውም ተብሎ የተመዘገበ ልጅ ነው። ሰውየው ደግሞ ምንም ወረቀት የላቸውም። ፈተናው ለምን ጥብቅ ሆነ ብዬ አልከራከርም፤ ኩረጃውን ያየ መምህር እንደዚያ አይከራከርም። ግን ያላለፈውን ልጅ "አለቀለት" የምትሉ ወላጆች፣ እናንተም "አለቀልኝ" የምትሉ ተማሪዎቼ፣ እዚያ ሲሚንቶ ላይ የተሳለችው መስመር ለሦስት ሰው እንጀራ የሆነች ትምህርት ናት። ደብተራችሁን አትጣሉት። ባጃጅ ስትነዱም ያስፈልጋችኋል።

አሁን ልመና አለኝ። መርጡለ ማርያም፣ ግንደ ወይን፣ ደብረ ወርቅ ያላችሁ የባጃጅ ባለንብረቶች፣ በየማኅበራችሁ አንድ ቶርክ ሬንች በጋራ ግዙ። ለአንድ ሰው ውድ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን የአንድ ቀን የሻይ ብር ነው። ማኅበሩ ጋ ይቀመጥ፣ ቴስታታ የሚከፍት ሁሉ እየፈረመ ይውሰድ፣ ይመልስ። ጋሼም "ከመጣ ቧንቧዬን ለዶሮ መስፈሪያ እሰጠዋለሁ" ብለዋል። ቃላቸውን ይዣለሁ።

ውጭ ያላችሁ ተማሪዎቼም፣ ለእረፍት ስትመጡ ጫማና ሽቶ ይቅርና እሱን ይዛችሁ ኑ።

ጥያቄ ያለው ኮሜንት ላይ ይጻፍ፤ የምችለውን እመልሳለሁ፣ የማልችለውን ጋሼን እጠይቃለሁ። መካኒክ ጓደኛ ያላችሁ ታግ አድርጉት። በተለይ ዛሬ ነገ ቀዳዳ ሊያስቦረቡር ያለ ሰው ካወቃችሁ ሳይቦረቦር ይድረሰው።

መንገዱን ሰላም ያድርግልን። ቸር ሰንብቱ።